ከዲማ የቅኔ ጉባኤ የወጣ ደራሲ



ስለ ደራሲው ስለ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ጥቂት እንድናገር ስለታዘዝሁ አመሰግናለሁ። እኔ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ደብዳቤ ስመዘግብ የኖርሁ ጡረተኛ ነኝ፤ ትምህርቴም የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ስለዚህ የምናገረው እንደ ሊቅ ሳይሆን እንደ አገር ልጅ ነው።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በጎዛምን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና እዚሁ በእኛው ዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ለእናንተ አይነገርም፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ መለመን ነው። የቅኔው ፈተና ግን ከረሀቡም ይብሳል። ትናንት በተባለ ቅኔ ዛሬ አይታለፍም። ተማሪው ብቻውን ዘወር ብሎ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ሰሙና ወርቁ ካልገጠመ አትታለፍም። እኒህ ሰው ቃል መመዘን የለመዱት እንዲህ ባለው ጉባኤ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያም አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ቀጠሉ፤ አስተማሪ ሆኑ፤ ቴአትርም ጻፉ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. በወረረን ጊዜ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ፤ ኋላም ተማርከው በኢጣልያ ለዓመታት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ሚኒስትርም አምባሳደርም ሆነው አገለገሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ ሥራ ያለበት ሰው መቼ ይጽፋል? ከመንግሥት ሥራ በተረፈችው ሰዓት ነዋ!

«ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 56 ደርሷል፤ ብዙ ሰው ጡረታውን የሚያስብበት ዕድሜ ማለት ነው። የማንኩሳው በዛብህና የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል የተዋወቁት በዚችው በዲማ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ባነበበው ጊዜ ፊደል ያልቈጠረውም ሰው ሰምቶ አለቀሰ። ዲማን አይቷት የማያውቅ ሁሉ ስሟን አወቀ።

አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ተጠይቀው እንቢ እንዳሉ ይነገራል። እርሳቸው ገና የሚጽፉት ነበራቸው። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ሲወጣ 72 ዓመታቸው ነበር፤ «የልም ዣት» በ1980 ሲወጣ 78፤ የጦርነቱን ዘመን ያስታወሱበት «ትዝታ» በ1985 ሲወጣ ደግሞ 83። ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የሰው ምኞት በጡረታ ደብተር አያበቃም። እንዲያውም ለወደፊት የሚያስቡ ሰው በስተርጅና ነው የፈጠኑት፤ ጊዜው እንደሚያጥር ያውቁ ነበርና።

ይህን የማነሣው ለእኛ ስለሚሆን ነው። እድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሰውን በክብር ይቀብራል። ከሰውየው ጋር ምን አብሮ እንደሚቀበር ግን አይመዘግብም። እናቶቻችን በለቅሶ ላይ የሚያወርዱት ሙሾ በማግሥቱ የለም። የቅኔ መምህር ሲያርፍ በቃሉ የያዘው አብሮት ይወርዳል። የመዋጮ መዝገባችን ማን ስንት እንደከፈለ ይናገራል፤ ማን ምን ያውቅ እንደነበረ አንድ መስመር የለውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ እድሩ አንድ ወፍራም ደብተር ይግዛ። ተማሪ ልጆቻችን በበዓል ቀን ሽማግሌና ባልቴት ፊት ተቀምጠው የሚነገራቸውን ይጻፉበት፤ ደብተሩም በጸሐፊው እጅ ይቀመጥ። ጽሕፈቱን ማረም ካስፈለገ እኔ አለሁ፤ ደሞዝ አልጠይቅም። ሁለተኛ፣ ልጃችሁ ግጥም ቢጽፍ ወይም ሥዕል ቢሥል «ሥራ ፈት» አትበሉት። ሐዲስም አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ አኩፋዳ አንግቶ የሚሄድ ልጅ ነበሩ፤ ማን እንደሚሆኑ ያኔ ማን ያውቅ ነበር?

ፍቅራችን እስከ መቃብር መሆኑን እድራችን አስመስክሯል። ቃላችን ግን ከመቃብር በኋላም እንዲቈይ እናድርግ።