ስለ ጣና ንስሮች ጎጆ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የምናገረው ስለ አንድ የወፍ ቤተ ሰብ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ለእኔ ትልቅ ትምህርት ሆኖኛል።

አጎቴ ዘጌ አጠገብ በጣና ዳር የሚኖሩ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ዓምና ለገና ልጠይቃቸው ከዳንግላ በሄድሁ ጊዜ፣ ከውሃው ዳር ባለ ታላቅ ዋርካ ላይ ከጭራሮ የተሠራ ሰፊ ጎጆ አየሁ። ራሷና ደረቷ ነጭ የሆነ ዓሣ በል ንስር ዕንቁላል ታቅፋ ተቀምጣበት ነበር። እኔም እንደ ልጅነት ልማዴ ድንጋይ አነሣሁ። አጎቴ ግን እጄን ያዙና «ተው ልጄ፤ እርሷም እንደ እኔ ዓሣ አጥማጅ ናት፤ ልጆች ልታሳድግ ነው» አሉኝ። አፍሬ ድንጋዩን ጣልሁት።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር እየሄድሁ እመለከት ጀመር። ንስሮች ዕንቁላላቸውን ስድስት ሳምንት ያህል ይታቀፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ የምትታቀፈው እናቲቱ ስትሆን አባትየው ዓሣ ያመጣላታል። የእግሩ መዳፍ ሻካራ ስለ ሆነ የያዘው ዓሣ አያዳልጠውም። በጥር መጨረሻ ስሄድ ሁለት ጫጩቶች ተፈልፍለው ነበር። እናቲቱ ዓሣውን በጥቂት በጥቂቱ እየቦጨቀች ታጐርሳቸዋለች። ይሁን እንጂ ታላቁ ታናሹን እየገፋ አስቀድሞ ይበላ ነበር።

ለፋሲካ ስመለስ የቀረው አንዱ ብቻ ነበር። እርሱም አድጎ፣ ክንፉን እያራገበ ከጎጆው ወደ ቅርንጫፍ ይዘል ነበር። ታናሹ የት ሄደ ብዬ ብጠይቅ አጎቴ «ዓሣ ሲጠፋ የሚራበው ታናሹ ነው፤ በሰውም ቤት እንዲሁ ነው» አሉኝ።

ይህ ቃል ከልቤ አልወጣም። በጣና ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ የተስፋፋው ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ነጭ ዓሣ በክረምት ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞች ሲወጣ በወንዙ አፍ መረብ ይጠብቀዋል። እናቲቱ ከነዕንቁላሏ ከተያዘች የከርሞው ዓሣ ከየት ይመጣል? አጎቴም መረብ ይጥላሉ፤ ልጆቻቸውን ማብላት አለባቸውና አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ካለፈው ክረምት ጀምሮ በወንዝ አፍ መጣሉን ትተዋል።

እኛስ የደጋ ሰዎች? ከአገራችን የሚወርደው ውሃ በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ይገባል። እርሻችን ሲሸረሸር አፈሩ ዓሣው የሚራባበትን ውሃ ያደፈርሰዋል። ስለዚህ የዚያች ጫጩት ጉዳይ የዳንግላና የእንጅባራም ጉዳይ ነው።

በበጋ ከአውሮፓ ወደ ሐይቆቻችን የሚመጣ ሌላ ዓሣ በል ወፍ አለ። በስኮትላንድ አዳኞችና ዕንቁላል ሰብሳቢዎች ዘሩን አጥፍተውት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ተመልሶ ጎጆ ሲሠራ ግን ሰዎች ዘብ ቆመው ጠበቁት፤ ዛሬ በርክቶአል። ያጠፋም ሰው ነው፤ ያዳነም ሰው ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የእኔን እጅ የሚይዝ አጎት ነበረኝ። ከእኛ በታች ላሉት ታናናሾች ደግሞ እጃቸውን የምንይዝ እኛ እንሁን።