መጥኖ መደቆስ፤ ስለ ቤት መሠረት የኮንክሪት ግምት

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ታላቅ ግድብ ወይም ስለ ረጅም ፎቅ ለመናገር አይደለም። የምንናገረው ስለ አንድ ተራ ሱቅ መሠረት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ባለፈው ክረምት ሚኤሶ ላይ ያየነው ነገር ትንሽ አለመሆኑን አስተምሮናል።

ሚኤሶ የባቡር ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የድሮው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በእርስዋ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር በተሠራ ጊዜም፥ ከሰበታ የመጣው የአንደኛው የቻይና ኩባንያ ሥራ አብቅቶ ወደ ደወሌ የሚሄደው የሁለተኛው ሥራ የጀመረው እዚያው ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ ብዙ መሐንዲሶች ይጠብቁታል። በመንገድ ዳር የሚቆመው የነጋዴ ሱቅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በዓይን ግምት ነው።

ያየነው ሱቅ ዐሥራ ሁለት ፉቲንግ ነበረው። የእያንዳንዱ ስፋት 1.50 በ1.50 ሜትር፥ ውፍረቱ 40 ሳንቲም ነው። ግንበኛው በዕድሜ የገፉ፥ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ጉድጓዶቹን በዓይናቸው አይተው፥ «ሠላሳ ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃል» አሉ። ባለቤቱም ሠላሳ ኩንታል ገዛ። ስምንቱ ፉቲንግ ከተሞላ በኋላ የቀረው ዐሥራ ሁለት ከረጢት ብቻ ሆነ፤ ያልተሞሉት ጉድጓዶች ግን አራት ነበሩ። ግንበኛው፥ «እያብቃቃን እንሙላው» ብለው ዘጠነኛውን ስድስት ከረጢት በሚገባው ቦታ በሦስት አስሞሉት። አሸዋውና ጠጠሩ አልተቀነሰም። ስለዚህ 1፡2፡4 የነበረው ድብልቅ 1፡4፡8 ሆነ ማለት ነው። ይህም ከመሠረት ሥር ለመደልደያ እንጂ ቤት ለመሸከም የሚሆን አይደለም።

እኛ ሳጥኑን ስንቆጥር ነበርና ስሕተቱን አውቀነዋል። ሆኖም በሽማግሌ ፊት መናገር ነውር መስሎን ዝም አልን። ምሳ ላይ ግን አላስችል ቢለን ለባለቤቱ ነገርነው። ግንበኛው ተቈጥተው፥ «ልጆቼ፥ እናንተ ሳትወለዱ ጀምሮ እገነባለሁ» አሉ። ባለቤቱ ግን ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፥ «እያወቃችሁ ዝም ካላችሁ፥ የተማራችሁት ለማን ነው?» አለን። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። ኮንክሪቱ ሳይጠነክር ተዝቆ ወጣ፤ ፌሮው ታጠበ፤ የጎደለው ዐሥራ አምስት ከረጢት ከጭሮ መጣ። ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ፥ አሸዋው፥ ጠጠሩና የአንድ ቀን የሠራተኛ ዋጋ በከንቱ ቀረ።

ቀድሞ ቢቆጠር ኖሮ ሒሳቡ ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር። እነሆ፦

የአንዱ ፉቲንግ መጠን 1.50 × 1.50 × 0.40 = 0.90 ሜትር ኩብ ነው፤ ዐሥራ ሁለቱ 10.8 ሜትር ኩብ ይሆናሉ። አሸዋው በጠጠሩ መካከል፥ ሲሚንቶውም በአሸዋው መካከል ስለሚገባ፥ 1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ለማግኘት 1.54 ሜትር ኩብ ያህል ደረቅ ዕቃ ያስፈልጋል። በ1፡2፡4 ድብልቅ ይህ ለሰባት ሲካፈል 0.22 ሲሚንቶ፥ 0.44 አሸዋ፥ 0.88 ጠጠር ይሰጣል። የአንድ ሜትር ኩብ ሲሚንቶ ክብደት 1,440 ኪሎ ቢባል፥ ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 317 ኪሎ ያህል ይገባል። ለሥራው በሙሉ 3,421 ኪሎ ነው፤ ለብክነት በመቶ አምስት ሲጨመርበት 72 ከረጢት ወይም 36 ኩንታል ይሆናል። አሸዋው 4.75፥ ጠጠሩ 9.5 ሜትር ኩብ ነው፤ በእነዚህም ላይ የብክነት ይጨመራል።

ለመስፈሪያ ውስጡ 50 በ35 በ20 ሳንቲም የሆነ ሳጥን ይሠራ። ይህ 35 ሊትር ስለሚይዝ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይስተካከላል። በአካፋ መቁጠር ግን መቁጠር አይደለም።

ውሃም ይቆጠራል። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ብንል 1,800 ሊትር፥ ማለት ዘጠኝ በርሜል ነው። ይህ ለማቡኪያ ብቻ ነው። እንደ ሚኤሶ ባለ ሞቃት ቆላ ኮንክሪቱ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ውሃው በአህያ ሲመጣ አይተናልና፥ ያልታሰበ ውሃ እንደማይገኝ እናውቃለን።

ፌሮ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ15 ሳንቲሙ በሁለቱም አቅጣጫ ሲደረደር ለአንድ ፉቲንግ 22፥ ለሁሉም 264 ቁራጭ ይገባል። የአንዱ ርዝመት ከነመታጠፊያው 1.80 ሜትር ቢሆን ድምሩ 475.2 ሜትር ነው። ይህን ለ12 ሜትር አካፍሎ 40 ዘንግ የሚገዛ ሰው ይሳሳታል። ከአንድ ዘንግ የሚወጣው ስድስት ቁራጭ ብቻ ነውና 44 ዘንግ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በፊት ግን መሬቱ ይታይ። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ያነሣዋል፥ ይጥለዋል። ጉድጓዱ 2 በ2 ሜትር ሆኖ ጥልቀቱ 1.50 ቢሆን ቁፋሮው 72 ሜትር ኩብ ነው። ደህና መሬት ለማግኘት 2.50 ሜትር መውረድ ቢያስፈልግ 120 ይሆናል፤ የአምዱም ቁመት አብሮ ይጨምራል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ መንቀጥቀጧንም አንርሳ። ስለዚህ የፉቲንጉን ስፋት፥ የፌሮውን ብዛትና የድብልቁን ዓይነት የሚወስነው መሐንዲስ የሠራው ፕላን ነው። የእኛ ምሳሌ የመቁጠሪያውን መንገድ ያሳያል እንጂ ፕላን አይተካም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ግንበኛውን ለመውቀስ አልተነሣንም። ሽማግሌው በመጨረሻ ሳጥኑን ራሳቸው ይዘው ይሰፍሩ ነበር፤ እኛም ከእርሳቸው ኮንክሪት እንዴት እንደሚጠቀጠቅ ተምረናል። ጥፋቱ እርሳቸው ሒሳብ አለማወቃቸው ሳይሆን፥ እኛ አውቀን መዘግየታችን ነው። በመጪው ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደ አገራችን ስንሄድ፥ በሰፈራችን ጉድጓድ ሲቆፈር ካየን፥ ከሜትርና ከእርሳስ ጋር ጠጋ ብለን፥ «አባቴ፥ ይፍቀዱልኝና አብረን እንቁጠረው» እንበል። ድስቱ ከተጣደ በኋላ ማልቀስ አይጠቅምም።