የጓሮ ተክል፣ አንጀትና አእምሮ፦ ስለ ፋይበርና ስለ መርሳት ሕመም የተደረገ ሕዝባዊ ንግግር



ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ከቡናው አጠገብና ከየቤቱ ጀርባ፣ እንሰት፣ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ሙዝና ጎመን ያያል። ዓይናችን ስለ ለመዳቸው ግን አናስተውላቸውም። አንድ አባወራ ቡናውን ሸጦ ፓስታ፣ ሩዝና የፉርኖ ዱቄት ይዞ ሲገባ ቤቱ እንዳለፈለት ይቆጠራል፤ ጎደሬ በአንጻሩ የችግር ጊዜ ምግብ ተብሎ ይናቃል። የዛሬው ንግግሬ ይህን ንቀት የሚሞግት ነው ብትሉ አልቃወምም። ሙግቱን ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ላለመግፋት እጥራለሁ።

በቅድሚያ ስለ ሕመሙ። በአማርኛ «ጃጀ» የምንለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። የልጅን ስም መርሳት፣ የለመዱትን መንገድ መሳት፣ አንድን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ የዕድሜ ነገር ተብሎ ይታለፋል። የመርሳት ሕመም፣ ማለትም ዲሜንሺያ፣ በአንጎል ላይ ከሚደርስ ጉዳት የሚመጣ ሕመም እንጂ እርጅና ራሱ አይደለም። በዓለም ከ55 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ፈዋሽ መድኃኒት እስካሁን የለውም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ወይ የሚለው ይሆናል።

ለእኛ ለአፍሪካውያን አሳሳቢም ተስፋ ሰጪም የሆነ አንድ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ የሚኖሩ የዮሩባ አረጋውያንን በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ከሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን አረጋውያን ጋር አነጻጽሮ ነበር። በኢባዳን በየዓመቱ በሕመሙ አዲስ የሚያዙት 1.35 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ ግን 3.24 በመቶ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱን ምግብ ብቻውን አመጣው ማለት አይቻልም፤ የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮልና የአኗኗር ልዩነቶችም ነበሩ። ሆኖም አኗኗር ሲለወጥ የሕመሙም መጠን ሊለወጥ እንደሚችል ያመለክታል።

አሁን ወደ አንጀት እንውረድ። ፋይበር፣ በአማርኛ አሰር የሚባለው፣ ሰውነታችን ሊፈጨው የማይችለው የዕፅዋት ክፍል ነው። ጨጓራንና ትንሹን አንጀት አልፎ ትልቁ አንጀት ሲደርስ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይቀበሉታል። ቆጮ በጉድጓድ ሲብላላ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለመረዳት አይቸገርም። የተፋቀው እንሰት በቅጠል ተጠቅልሎና አየር እንዳይገባው ታፍኖ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቀመጣል፤ ለዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይለውጡታል፤ ጎምዘዝ ያለ አሲድም ያወጣሉ። ትልቁ አንጀትም እንዲሁ አየር አልባ የመብላያ ጉድጓድ ነው። ባክቴሪያዎቹ አሰሩን ሲያብላሉ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቢዩታይሬት የተባሉ አሲዶችን ያመነጫሉ። ቢዩታይሬት የትልቁን አንጀት ግድግዳ ለሚሸፍኑት ሕዋሳት ዋና ምግባቸው ነው። በአይጦች ላይ እንደታየው አሰር ሲቋረጥ የተራቡት ባክቴሪያዎች ግድግዳውን የሚጠብቀውን ንፍጥ መብላት ይጀምራሉ፤ ግድግዳው ሲሳሳም የሰውነት መቆጣት ይከተላል።

ይህ ከአንጎል ጋር ምን አገናኘው? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ባክቴሪያ የሌላቸው ሆነው ያደጉ አይጦች በደምና በአንጎል መካከል ያለው ድንበራቸው የሚያፈስ መሆኑን አሳየ። ለእነዚሁ አይጦች ቢዩታይሬት የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ሲሰጧቸው ድንበሩ ተሻሻለ። ታሪኩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ያማረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሌላ ጥናት እነዚሁ አሲዶች የአልዛይመር ዓይነት ሕመም እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች አንጎል ውስጥ የተከማቸውን ጎጂ ፕሮቲን አብዝተውት ተገኝተዋል። የአይጥን ውጤት ወስዶ ለሰው የሚያውጅ ባለሙያ ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

በሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂት ቢሆኑም ችላ የሚባሉ አይደሉም። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 64 ዓመት የነበሩ 3,739 ሰዎችን አመጋገብ መዝግበው እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ተከታትለዋቸዋል። ከእነዚህ 670ዎቹ እንክብካቤ የሚያስፈልገው የመርሳት ሕመም ደረሰባቸው። አሰር አብዝተው ይበሉ የነበሩት ዝቅተኛ ስጋት ነበራቸው፤ ግንኙነቱም ይበልጥ የጎላው በውኃ በሚሟሟው የአሰር ዓይነት ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ 36 ጥንድ መንትዮች ከየጥንዱ አንዱ ለ12 ሳምንታት ለአንጀት ባክቴሪያ ምግብ የሚሆን አሰር፣ ሌላው ማስመሰያ ዱቄት እንዲወስድ ተደርጎ፣ አሰሩን የወሰዱት በማስታወስ ፈተና የተሻለ ውጤት አገኙ። ፈተና ማለፍ ግን ሕመምን መከላከል አይደለም።

«በውኃ የሚሟሟ» የሚለው አነጋገር የላቦራቶሪ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እናት በእጇ ነክታዋለች። ጎደሬ ሲላጥና ሲቀቀል የሚያዳልጠው ዝልግልግ ነገር፣ ተልባ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ልጋግ፣ አብሽ ተነክሮ ሲመታ ኩፍ የሚለው ሁሉ ከዚሁ ወገን ነው። ያልበሰለ ሙዝ ደግሞ ትንሹ አንጀት የማይፈጨው ስታርች ይዟል፤ አደንጓሬና ባቄላ ሁለቱንም የአሰር ዓይነቶች አጣምረዋል። ከእንሰት ምርቶች መካከል በአሰር የሚልቀው በከተማ ገበያ የሚወደደው ነጩ ቡላ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የምንንቀው ቆጮ ነው፤ ቡላ ተጨምቆ የጠለለ ስታርች ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል። ይህን በነጭ ዳቦና በፓስታ ማሟላት አዳጋች ነው፤ በቆጮ፣ በአደንጓሬና በጎመን ግን አያስቸግርም።

የቡና አገር ሰዎች ሆነን ስለ ቡና ሳልናገር ብወርድ ይቅር የምትሉኝ አይመስለኝም። የተፈላ ቡና ጥቂት የሚሟሟ አሰር አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሰፊ ጥናትም ላውሶኒባክተር የተባለ ባክቴሪያ በቡና ጠጪዎች አንጀት ውስጥ እጅግ በዝቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። ደስ የሚል ግኝት ነው፤ ሆኖም ስኒው ጎመኑን አይተካም፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር ሲጨመርበትማ ሌላ ነገር ይሆናል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ በየቤታችን የአረጋውያን ገበታ ነው። አባት ወይም እናት ጥርሳቸው ሲያልቅ፣ በፍቅር ብዛት፣ ነጭ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ እየነከርን እናቀርብላቸዋለን። አሰሩም የሚቋረጠው ያኔ ነው። በሚገባ የበሰለና የተደቆሰ ጎደሬ፣ የአደንጓሬ ሾርባ፣ ለስለስ ያለ ሽሮ፣ የተልባ መጠጥ ጥርስ አይሻም። ጎደሬው በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ይከረክራል። አሰር ቀስ በቀስ፣ ከበቂ ውኃ ጋር ካልተጨመረ ሆድ ይነፋል፤ ለመዋጥ የሚቸገሩትን ደግሞ የጤና ባለሙያ አስቀድሞ ይያቸው።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ሊለወጡ የሚችሉ 14 የመርሳት ሕመም መንስኤዎችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ በግምት 45 በመቶ የሚሆነውን ሕመም መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል አስታውቋል። የአሰር እጥረት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመምና ጎጂው ኮሌስትሮል ግን አሉ፤ አሰርም በኋለኞቹ ሁለቱ ላይ በጎ ተጽዕኖ እንዳለው በሚገባ የታወቀ ነው። የመስማትና የማየት መዳከም፣ የትምህርት ማነስ፣ የተበከለ አየርም አሉ፤ የእናቶቻችን የማድ ቤት ጢስ ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አባቱን ጎደሬ አብልቶ የደም ግፊታቸውን ያላስለካ ልጅ ሥራውን ጨርሷል አልልም።

ለሥነ ምግብና ለግብርና ተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ትቼ ልውረድ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ፤ አንድ ወር የቆየ ቆጮና ስድስት ወር የቆየ ቆጮ በአሰር ይለያያሉ ወይ? ትኩስ ጎደሬና ቀዝቅዞ ያደረ ጎደሬስ? ቆጮው ከነቀጫው ሲጋገርና ተነፍቶ ሲጋገር ምን ያህሉ ይቀራል? ለእነዚህ የሚያስፈልገው ናሙና ሁሉ ከዚህ አዳራሽ በእግር በሚደረስበት ገበያ አለ።