ጣቱ ላይ ያለችው ምን አለች?

በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ስማርት መሣሪያዎችና የሕሙማን እንክብካቤ» በሚል ርዕስ እንድናገር ሲጠይቁኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ ስልኬ እንኳ ሲያስቸግረኝ የምሰጠው ለልጄ ነው። በኋላ ግን አንድ ጉዞ ትዝ አለኝና እሺ አልኩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለድጋፋዊ ክትትል አዲ አርቃይ ወረዳ ወርደን ነበር። አንድ ጤና ጣቢያ ስንደርስ የዘጠኝ ወር ሕፃን የታቀፈች እናት አገኘን። ምርመራው አላስቸገረንም፤ ከባድ የሳንባ ምች ነው። ሲተነፍስ ደረቱ ስርጉድ ይላል፣ ጡት አልይዝ ብሏል። ነርሷ ፐልስ ኦክሲሜትሯን የእግሩ አውራ ጣት ላይ አደረገችለት። 91። የመጀመሪያው መርፌ ተሰጠው፤ ወደ ደባርቅ ሪፈር እንዲደረግም ተወሰነ።

አምቡላንሱ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሲሊንደር ባዶ ነበር። ሾፌሩ ይህን ሲነግረኝ ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «91 ነው እኮ፣ ይደርሳል።» ሁላችንም የምናውቀው መመሪያ ከ90 በታች ሲሆን ኦክስጅን ስጡ ይላል። 91 ደግሞ ከ90 በታች አይደለም። እኔም ወደ ደባርቅ ስለምመለስ አብሬ ተሳፈርኩ።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከቆላው ተነስቶ ጣሊያን በቀደደው ሊማሊሞ እየተጠማዘዘ ወደ ወልቀፊት፣ ማለትም ወደ 3000 ሜትር ገደማ ይወጣል። ዳገቱን ስንጀምር 88 ሆነ። መሣሪያዋ ተንቀሳቅሳ ነው ብዬ አስተካከልኳት። ቀጥሎ 84። እናትየው በየመጠምዘዣው ቀና እያለች «ዶክተር፣ ጣቱ ላይ ያለችው ምን አለች?» ትለኛለች። እኔም «ደህና ናት» እላለሁ። 79 ስትል መልስ አልሰጠኋትም። ሆስፒታሉ ኦክስጅን ይዞ እንዲጠብቀን ልደውል ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ልመለስ ብል ደግሞ ከኋላዬ ያለው ጤና ጣቢያ ኦክስጅን የለውም።

ሕፃኑ ተርፏል፤ እንዳትጨነቁ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የመጨረሻውን ዳገት ጨርሰን ኔትወርክ ሲገኝ ደወልን፣ በር ላይ ጠበቁን። በአምስተኛው ቀን ጡት እየጠባ ወጣ። እኔ ግን ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምክንያቱም የሆነው ነገር ምንም ምሥጢር የለውም። እዚሁ ግቢ ውስጥ የኤስ ቅርጽ ያላትን የኦክስጅንና የሄሞግሎቢን መስመር ስታስተምሩኝ ፈተና ላይ በትክክል ስያታለሁ። 91 ላይ ያለ ሰው የቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ነው፤ ትንሽ ግፊት ከቀነሰበት ሙሌቱ ይንሸራተታል። 3000 ሜትር ላይ ደግሞ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል በ30 ከመቶ ገደማ ያንሳል። በቂ ትንፋሽ ያጣን ሕፃን አየር ወደሚሳሳበት ቦታ ያለ ኦክስጅን የወሰድኩት እኔ ነኝ። የእኛ አገር ሪፈር ብዙ ጊዜ ሽቅብ ነው፤ የሪፈር ወረቀታችን ላይ ግን ከፍታ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

እንግዲህ ስለ ተያያዙ ሴንሰሮች ስናወራ እኔ የማስበው ያችን አምቡላንስ ነው። ልኬቷን በብሉቱዝ ወደ ስልክ የምታስተላልፍ፣ ስልኩም ወደ ተቀባዩ ሆስፒታል የሚልክላት ኦክሲሜትር ዛሬ ብርቅ አይደለችም። በሲሊንደሩ አንገት ላይ ተገጥሞ ግፊቱን የሚልክ ሴንሰርም አለ። እሱ ቢኖር ኖሮ ሲሊንደሩ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ሕፃኑ ከመጫኑ ቀድሞ ነበር። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይኼ ነው፤ ስለ በሽተኛው ከሚያወራ ሴንሰር ይልቅ ስለ ዕቃችን የሚያወራው ቶሎ ይጠቅመናል። መሣሪያው ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ልኬቱን ይዞ ቆይቶ ሲገኝ የሚልክ መሆን አለበት። ያለበለዚያ ሊማሊሞ ላይ ጌጥ ነው። ደግሞ ሲም ካርዱ ላይ በየወሩ ካርድ የሚሞላው ማነው? ይህን ጥያቄ ለዕርዳታ ሰጪዎች ስጠይቅ ብዙ ጊዜ ፈገግ ይላሉ። እኔ ግን ቀልዴን አይደለም።

በአገራችን ከሠሩት ሴንሰሮች አንዱ ማንም የማያመሰግነው የክትባት ፍሪጅ ውስጥ ያለው ነው። ፍሪጅ ታጓን ሁላችሁም አይታችኋል። ሙቀቱ ከ8 ዲግሪ በላይ ሆኖ 10 ሰዓት ከቆየ፣ ወይም ከዜሮ በታች 0.5 ደርሶ 60 ደቂቃ ከቆየ ምልክት ታሳያለች። በደባርቅ ብርድ ሁለተኛው ቀላል ነገር አይደለም፤ ፔንታቫለንትና ሄፓታይተስ ቢ ከቀዘቀዙ ተበላሹ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ሲም ይዘው በአጭር መልእክት የሚያሳውቁ አሉ። ለምን እንደሠራች ልብ በሉ። ፍሪጁ በተከፈተ ቁጥር አትጮኽም። ስትጮኽ ደግሞ ባለቤት አላት፤ የክትባት ኃላፊዋ ጠዋትና ማታ ትመዘግባለች፣ ምልክት ስታይ ምን እንደምታደርግ ታውቃለች፣ ብልቃጡን አራግፋ ትፈትሻለች።

አሁን ይህን ከምታውቁት የዋርድ ሞኒተር ጋር አነጻጽሩት። አንድ ቦታ ተዘዋውሬ ስጎበኝ፣ ስሙን አልጠራም፣ የሞኒተሮቹ ሁሉ ድምፅ ጠፍቶ አገኘሁ። «ለምን?» ስል «ኧረ ዶክተር፣ ቀኑን ሙሉ ሲጮኹ ይውላሉ» ተባልኩ። በነርሶቹ አልፈረድኩም። ሌሊት ለሠላሳ በሽተኛ ሁለት ሆነው ያድራሉ። ከዚህ ሁሉ ጩኸት የትኛው እውነተኛ እንደሆነ የነገራቸው የለም።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ለመሆኑ የማን 90 ነው? እ.ኤ.አ. በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ኦክሲሜትር የሚያመልጠው የኦክስጅን እጥረት በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም እንዳልቀረው አሳይቷል። ከፍታም የራሱ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ከ2500 ሜትር በላይ ለሚገኙ ሕፃናት መነሻውን ወደ 87 ያወርደዋል። እዚሁ ስሜን ተራሮች ውስጥ፣ አምባራስ ላይ፣ ሲንቲያ ቢል ከአገራችን ተመራማሪ ጋር ሆነው 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክተው በ2002 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። አማካይ ሙሌታቸው 95.3 ከመቶ ነበር፤ ቆላ ያለ ሰው ያለው ቁጥር! ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በከፍታ የሚኖሩ የአማራ ሰዎች ሙሌት ከቆላው ዝቅ እንደሚል አገኘ። ታዲያ የደባርቅ ሕፃን ጤነኛ ሆኖ ስንት ነው? የዳባትስ? ቆላ ተወልዶ ዳገቱን በሁለት ሰዓት የወጣውስ? ማሽኑ ማንቂያውን ከፋብሪካ ይዞ ይመጣል፤ ፋብሪካው ወልቀፊትን አያውቃትም።

ይህን መመለስ የሚችል ቦታ ካለ ይኼ ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመሠረት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን አብረው እየሠለጠኑ በቡድን ይወጡ ነበር። እኛም ቲቲፒ የወጣነው በዚያው መንፈስ ነው። (ቲቲፒ ላይ ሽሮ እየተሻማን የተጣላን ሰዎች ዛሬ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠናል፤ ይቅር ተባብለናል መሰለኝ።) ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ዳባት ላይ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት የሚመዘግብ የጥናት ጣቢያ አለው። የትኛው ቤት ሕፃን እንዳለ የሚያውቁ መረጃ ሰብሳቢዎች አሉ። የጎደለው ጣት ላይ የምትደረግ መሣሪያና የሕፃን ፕሮብ ነው።

ስለዚህ ልመና ይዤ መጥቻለሁ። ዳባት፣ ደባርቅና አዲ አርቃይ ላይ የጤነኛ ሕፃናትን ሙሌት በየዕድሜያቸውና በየከፍታቸው እንለካ። ከዚያ በኋላ በሦስቱ ወረዳዎች መካከል የሚመላለሱ አምቡላንሶች ላይ ሴንሰር እንግጠም፤ ማንቂያውንም በራሳችን ቁጥር እንሙላው። ሲጮኽ ማን እንደሚያነሳ በስም ሳይሆን በሥራ መደብ ይጻፍ፤ ነርስ ትዛወራለችና። የፊዚዮሎጂና የሕፃናት ሕክምና ክፍሎች፣ እንዲሁም ውጭ አገር ያላችሁና ላፕቶፕ ሳይሆን ሌላ ነገር ማምጣት የምትፈልጉ፣ የፕሮቶኮሉን ረቂቅ በ12 ቅጂ አባዝቼ ይዣለሁ። ሻይ ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ ታገኙኛላችሁ።