ከመለወጥ በፊት ማድመጥ፦ የሙስኪ ማጥመጃ ማባበያዎች



ሙስኪ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች የሚኖር፣ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ አድብቶ የሚያጠቃ አዳኝ ዓሣ ነው። አስጋሪዎች «የ10,000 ውርወራ ዓሣ» ይሉታል። ዛሬ የምናገረው በውኃ ገጽ ላይ የሚጎተቱ ሰው ሠራሽ ማባበያዎችን እንዴት መምረጥና ማስተካከል እንደሚገባ ነው።

ሙስኪ የሚያድነው በዐይኑ ብቻ አይደለም፤ በጎኑ በተዘረጋው የስሜት ሕዋሳት መስመር የውኃውን ንዝረት ይከታተላል። ስለዚህ ውኃው ሲረጋና ሲመሽ፣ በሁለት የብረት ክንፎች በዝግታ የሚቀዝፈውን ማባበያ እመርጣለሁ፤ ነፋስ ውኃውን ሲያናውጠው ግን ጅራቱ እንደ ፕሮፔለር እየተሽከረከረ ጎልቶ የሚሰማውን።

ማስተካከሉ ከመምረጡ ይበልጣል። ክንፎቹ እኩል ካልተከፈቱ ማባበያው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ምቱም ይዛባል። የብረት ጅራቱን በጥቂቱ ጎበጥ ስናደርገው ብዙ ውኃ ይይዛል፤ በዝግታ ሲጎተትም ይዞራል። ከጀልባው አጠገብ ቀስ ብላችሁ ጎትቱና አድምጡ። ምቱ ካልተቆራረጠ፣ ዓሣው ማባበያው የሚደርስበትን ስፍራ አስቀድሞ ለማነጣጠር ይቀለዋል።

በዶክትሬት ትምህርቴ ዘመን፣ በዊስኮንሲን አንድ ምሽት፣ ሙስኪ ማባበያዬን ሦስት ጊዜ ሊመታ ተወርውሮ ሳተው። ጥፋቱን በዕቃው አሳብቤ ሌላ ገዛሁ። ኋላ ስመረምር ግን አንዱ ክንፍ ጠሞ ነበር፤ እኔም የውኃውን ፍንጣቂ ባየሁ ቁጥር ደንግጬ ዘንጉን ወደ ላይ እመነጭቅ ነበር። የዓሣው ክብደት በእጅ እስኪሰማ ድረስ ግን ሳያቋርጡ መጎተት ይገባል።

ዛሬም በቤተ ሙከራ ውጤት ሲያስቸግረኝ፣ አዲስ መሣሪያ ከመጠየቄ በፊት ያለውንና የራሴን እጅ እፈትሻለሁ።