ሳይቃጠል በቅጠል፤ የልጆች ኩላሊትና የዶክተር አክሊሉ ለማ ምርምር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)





በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች ደስታችን ከፍ ያለ ነው። የመረጥነው ርእስ የልጆች የኩላሊት ሕመም ነው። በበዓል ቀን ስለ ደዌ መናገር አይገባም የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ በአንድ ቦታ የሚገናኙበት ቀን ጥቂት ነውና፣ ሦስቱንም የሚመለከተውን ጉዳይ ዛሬ ማንሣት ይሻላል ብለን አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ የኩላሊትን ሥራ እንመልከት። ሰው ሁሉ ከወገቡ ከፍ ብሎ በጀርባው በኩል ሁለት ኩላሊቶች አሉት። የእያንዳንዱ መጠን ከተጨበጠ እጅ አይበልጥም፤ በውስጡ ግን አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይገኛሉ። የአዋቂ ሰው ኩላሊቶች በአንድ ቀንና ሌሊት ከደም 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። በሽንት የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ሲሆን የቀረው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ጠላ የምታጠልል ሴት አተላውን ለይታ እንደምትጥል ኩላሊትም ለሰውነት የማይበጀውን ለይቶ ይጥላል። ጠባሳ የሆነ ማጣሪያ ግን እንደ ተቆረጠ ጥፍር ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ በልጅነት የደረሰ ጉዳት ለብዙ ዓመት ተደብቆ ቆይቶ በጉልምስና ዘመን ሊገለጥ ይችላል።

የልጅን ኩላሊት የሚጎዱ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ እኛ ዛሬ ሁለቱን ብቻ እናነሣለን። አንደኛው ከጉሮሮ ሕመም ወይም ከቆዳ ቁስል በኋላ የሚመጣው ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ወይም ቆዳን ካቆሰለ በኋላ፣ ሰውነት ጠላቱን ለመከላከል ያዘጋጀው ኀይል ኩላሊቱን ያስቆጣዋል። ቁስሉ ከተረሳ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጁ ጧት ሲነሣ በዐይኑ ዙሪያ አብጦ ይታያል፤ ሽንቱም እንደ ሻይ ይጠቁራል። ይህን እብጠት አይቶ «ልጁ ወፈረ፣ አማረበት» ብሎ መደሰት ትልቅ አደጋ ነው። ብዙዎቹ ልጆች በጊዜው ሐኪም ካያቸው ይድናሉና።

ሁለተኛው ምክንያት ቢልሃርዚያ የተባለው የውኃ ትል ነው። ይህ በሽታ እጅግ ያረጀ ነው። በ1910 ማርክ አርማን ሩፈር የተባለ ሐኪም ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሞቱ የግብፅ ሰዎች ደረቅ ሬሳ ላይ ምርመራ ሲያደርግ የትሉን እንቁላል በኩላሊታቸው ውስጥ አግኝቷል። ትሉን መጀመሪያ ያየው በ1851 በካይሮ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው፤ የበሽታውም ስም የተወሰደው ከእርሱ ነው። ቢልሃርዝ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት እስከ ምጽዋ መጥቶ ነበር። በዚያ ጉዞ ላይ በያዘው የታይፈስ ትኩሳት በ1862 በ37 ዓመቱ ሞተ። በ1915 ደግሞ ሮበርት ላይፐር የተባለ ብሪታንያዊ ተመራማሪ ትሉ ያለ ቀንድ አውጣ ሊራባ እንደማይችል በግብፅ አረጋገጠ።

የትሉ ኑሮ እንዲህ ነው። የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የወጣው ትንሽ ነፍሳት በውኃ ውስጥ ወደሚኖር ቀንድ አውጣ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ብዙ ሆኖ ወደ ውኃው ይወጣል። የሚዋኝ፣ ከብት የሚያጠጣ ወይም ልብስ የሚያጥብ ሰው ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ከቢልሃርዚያ ዓይነቶች አንዱ በሽንት ፊኛ ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ይቀመጣል። እሾህ ያለው እንቁላሉ ፊኛውን እየወጋ ያደማል፤ ጠባሳው ከኩላሊት የሚወርደውን ቧንቧ ያጠበዋል፤ መውጫ ያጣው ሽንትም ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቱን ያሳብጠዋል። በአገራችን ይህ ዓይነት የሚታወቀው በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ቆላዎች እንዲሁም በኩርሙክ አካባቢ ነው። ሌላው ዓይነት አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ሲሆን በጣና ሐይቅ ዙሪያ ይገኛል። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና እንደሚገቡ ሁላችንም እናውቃለን። የደጋ ልጆች ብንሆንም ለሥራና ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያ እንወርዳለንና ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ ተመራማሪው እንምጣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1935 የተወለዱ ኢትዮጵያዊ ሲሆኑ የዶክተርነት ማዕረጋቸውን ያገኙት በአሜሪካ ከሚገኘው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1964 ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው ቢልሃርዚያን ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። በወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝተው አዩ። ወዲያው በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው፣ አንዲቱ ሴት የእንዶዱን አረፋ ጨምሪበት ብለው ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ።

እንዶድ በእኛም አገር በአጥር ጥግ የሚበቅል ተክል ነው። ነጠላና ጋቢ ሲያጠቡበት የኖሩ እናቶቻችን ኀይሉን ያውቃሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ሆኖ ግን ለመድኃኒትነት መርምሮ የመዘነው አልነበረም። ዶክተር አክሊሉና ጓደኞቻቸው ፍሬውን አድርቀው ፈጭተው ለኩት። በአንድ ሺህ ሊትር ውኃ ከ10 እስከ 20 ግራም ያህል ቢጨመር በ24 ሰዓት ውስጥ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አረጋገጡ። ከፍሬው ለተገኘው ንጥረ ነገር በስማቸው ለማቶክሲን የሚል ስም ወጣለት። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከልዩ ልዩ አገር ዘር ሰብስበው ኀይለኛውንና ብዙ የሚያፈራውን ለዩ፤ ከነዚህም ውስጥ እንዶድ 44 የተባለው ታዋቂ ሆነ።

ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ከተማ ውኃዎቹ በእንዶድ ታከሙ። የዐድዋው በሽታ የአንጀቱ ዓይነት ነበረ፤ ሆኖም ሁለቱም ዓይነቶች ያለ ቀንድ አውጣ አይተላለፉምና ትምህርቱ ለሁለቱም ነው። ከጥናቱ በፊት ከሕፃናቱ 50 በመቶ የሚሆኑት በበሽታው ተይዘው ነበር፤ በአምስተኛው ዓመት ቁጥሩ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ይሁን እንጂ ይህ ሥራ ወዲያው በዓለም አልተስፋፋም። እንዶድ በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት አለማድረጉ በብዙ ወጪ እንዲመረመር ተጠየቀ። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ እንዶድ ዓሣን ይገድላል፣ ቢዋጥም መርዝ ነውና። ነገር ግን በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት እንደ ሙሉ ምስክር እንዳልተቆጠረና ሥራው በዚህ ምክንያት ለዓመታት እንደ ዘገየ ዶክተር አክሊሉ በምሬት ይናገሩ ነበር። በ1989 እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በአንድነት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት አገልግለው በ1997 ዐረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ዛሬ የቢልሃርዚያ ዋና መድኃኒት ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ነው። አገራችንም በ2015 ለተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ የማደል ሰፊ ዘመቻ ጀምራለች። ክኒኑ ትሉን ይገድላል፤ ነገ ልጁ ያንኑ ውኃ ሲገባ ዳግመኛ እንዳይያዝ ግን አያደርግም። እንዲሁም በዚያው በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተከፍቷል። ይህ የሚያኮራ ነው፤ ሆኖም ከጉና ሥር ለሚኖር ገበሬ ልጅ መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ከባድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። የዶክተር አክሊሉ ሥራ ዋና ትምህርት፣ የልጅ ጤና ሐኪም ቤት ከመድረሱ በፊት በውኃው ዳር ሊጠበቅ እንደሚችል ማሳየቱ ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፤ የልጃችሁ ፊት ጧት ጧት ቢያብጥ፣ ሽንቱም ቢቀላ ወይም ቢጠቁር፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የቆዳ ቁስሉን በውኃና በሳሙና እጠቡለት፤ ጉሮሮውን ሲያመውም አሳክሙት። መምህራኖቻችን ሆይ፤ በአንዳንድ አገር ወንዶች ልጆች ደም ሲሸኑ የጉርምስና ምልክት ነው ይባል ነበርና፣ ተማሪ ሳያፍር ሕመሙን የሚናገርበትን መንገድ ክፈቱልን። ጓደኞቻችን ሆይ፤ በውኃ ዳር አንጸዳዳ፤ ክኒኑ ሲታደል አንሽሽ፤ በእንዶድ ፍሬም አንጫወት።

በዚህ በጋፋት አፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል። ንጉሡ ያን ያህል የደከሙት ዕውቀት ከአገራቸው እንዲገባ ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ ኢትዮጵያዊ ዕውቀቱን ከውጭ ይዞ ገብቶ በልብስ አጣቢዎች አጠገብ ቆመ፤ አየ፣ ጠየቀ፣ ለካም። ክበባችንም በመጪው ዓመት የመንደራችንን የውኃ ዳርቻዎች እየዞረ ቀንድ አውጣ ያለበትንና የሌለበትን በመዝገብ ሊጽፍ አስቧል። ለዚህም አንድ ማይክሮስኮፕና የመምህራኖቻችን ምክር እንዲሰጠን በትሕትና እንለምናለን።