ቡናና አቦል በሰማይ ላይ

(ስለ ሩቅ ፕላኔቶችና ስለ ጥንድ ከዋክብት በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)



 

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ ከአንድ ቤተሰብ ከደረሰን ጥያቄ የተነሣ ነው። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። «ልጃችን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ፊዚክስ ተምሬ ስለ ከዋክብት አጠናለሁ ትላለች። ኮከብ ቆጠራ ደግሞ በዲናችን ክልክል ነው። እንከልክላት ወይስ እንተዋት?» የዚህ ቤተሰብ ጭንቀት ከቀልድ የሚቆጠር አይደለም። ልጅቷ የምትይዘው መንገድ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው። አባትና እናትም ልጃቸውን ከሐራም ለመጠበቅ ማሰባቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። በአማርኛችን «ኮከብ ቆጣሪ» የምንለው ሰው የእርስዎንና የእናትዎን ስም ጠይቆ፣ ፊደል ደምሮ፣ ጋብቻዎ ይሰምር እንደሆነ ወይም ንግድዎ ይከስር እንደሆነ የሚናገረውን ነው። ይህ ሰው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ እንኳ አያይም። ዑለሞቻችን ይህንን ተንጂም ብለው ለይተው ከልክለዋል። ዒልሙል ፈለክ የሚባለው ግን ሌላ ነው። እሱ የፀሐይን፣ የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ መለካት ነው። የሶላት ወቅት የሚታወቀው በእርሱ ነው። ቂብላ የሚቀናውም በእርሱ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ኢብኑ ሻጢር በደማስቆው ታላቅ የኡመያድ መስጂድ የሶላት ወቅት ለኪ ነበር፤ በዚያው ሥራው የዘመኑ ታላቅ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሆነ። መስጂዱ ደመወዝ ከፍሎ ያሠራው የነበረውን ሙያ ዛሬ አንዲት ልጅ ልማር ብትል እንዴት ከጠንቋይ ጋር ትቆጠራለች?

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ይህን ልዩነት አስተምረውናል። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም «ለኢብራሂም ሞት ነው የተጋረደችው» አሉ። እሳቸው ግን በኀዘን ላይ ሆነው እንኳ ይህን ወሬ አልተቀበሉም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ ገለጹ፤ ሰዉንም ወደ ሶላት ጠሩ። ይህን ጉዳይ በልባችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 2020 ጠዋት፣ ማለትም ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ ጨረቃ በፀሐይ ፊት አልፋ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ታይታለች። በእኛም ደጋ የቀኑ ብርሃን መደብዘዙን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

አሁን ወደ ልጅቷ ትምህርት እንሂድ። የዘመኑ የከዋክብት ተመራማሪዎች ከሚደክሙባቸው ጉዳዮች አንዱ በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶችን መፈለግ ነው። ኮከብ ማለት ከሩቅ የሚታይ ፀሐይ ነው። የእኛ ፀሐይ ምድርንና ሌሎች ሰባት ፕላኔቶችን በዙሪያዋ እንደምታዞር፣ ሌሎችም ፀሐዮች የራሳቸው ፕላኔቶች አሏቸው። ነገር ግን ፕላኔት የራሱ ብርሃን የለውም። ከኮከቡ ብርሃን አጠገብ ሲታይ በመኪና የፊት መብራት አጠገብ እንደምትበር ትንኝ ነው። ታዲያ ዐይን የማያየውን እንዴት ያውቁታል? ሁለት ዋና ዘዴዎች አሉ። ሁለቱም ዘዴዎች መነሻቸው የዐረብ ስም ካላቸው ሁለት ከዋክብት ጋር የተያያዘ ነው።

የመጀመሪያው ሺዕራ ነው። በሱረቱ ነጅም ውስጥ በስሙ የተጠቀሰው፣ በሌሊት ሰማይ ከከዋክብት ሁሉ ደምቆ የሚታየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 ቤሴል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የሺዕራ አካሄድ ቀጥ ያለ አለመሆኑን፣ ወዲያና ወዲህ እንደሚወዛወዝ አስታወቀ። እንዲህ አድርገን እናስበው። ማሳ የሚጠብቅ እረኛ ወንጭፍ ሲያሽከረክር ድንጋዩ ብቻ አይደለም የሚዞረው፤ የእረኛው ክንድና ትከሻም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከሩቅ ሆኖ ድንጋዩን ያላየ ሰው የትከሻውን መወዛወዝ አይቶ «ይህ ሰው የሚያዞረው ነገር አለ» ይላል። ቤሴልም ያለው ይህንኑ ነው። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1862 በአሜሪካ አዲስ ቴሌስኮፕ የሚሞክር ክላርክ የተባለ ባለሙያ ያንን የተደበቀ ጓደኛ በዐይኑ አየው። ሺዕራ ጥንድ ኮከብ ነበር። ጓደኛው በመጠኑ ምድርን የሚያክል፣ በክብደቱ ግን ወደ ፀሐይ የሚጠጋ ነው። ሁለቱ እርስ በርሳቸው አንድ ጊዜ የሚዞሩት በ50 ዓመት ገደማ ነው።

ፕላኔት ከኮከብ እጅግ ስለሚያንስ የሚያመጣው ውዝዋዜ በጣም ትንሽ ነው። ትልቁ ፕላኔት ጁፒተር ፀሐያችንን የሚያንቀሳቅሳት በሰከንድ 12 ሜትር ያህል ነው፤ በጎዳና ላይ ካለ ሚኒባስ ፍጥነት አይበልጥም። ምድራችን የምታንቀሳቅሳት ደግሞ በሰከንድ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ለመለካት የኮከቡን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጉታል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎ ሲርቅ ይወፍራል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ኮከቡ ሲቀርብ ብርሃኑ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሲርቅ ወደ ቀይ ያደላል። በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎዝ የተባሉ ስዊዘርላንዳውያን ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያውን ፕላኔት አገኙ። በ2019 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ሁለተኛው ኮከብ ራእሱል ጉል ነው። ይህ ኮከብ በየሁለት ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ይደበዝዛል። ለአምስት ሰዓት ያህል እየቀነሰ ይሄድና ብርሃኑ ወደ ሲሦ ይወርዳል፤ ከዚያ በሌላ አምስት ሰዓት ወደ ቦታው ይመለሳል። ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ1783 ለዓለም ያቀረበው ጆን ጉድሪክ ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር፤ ያውም መስማት የተሳነው። «ጨለም ያለ አካል በፊቱ እየተመላለሰ ይጋርደው ይሆናል» አለ። ልክ ነበር። ራእሱል ጉል ሁለት ከዋክብት በቅርብ እየተዞዞሩ አንዱ ሌላውን የሚጋርድበት ነው፤ ከእነሱ ራቅ ብሎ የሚዞር ሦስተኛም አለ። ወዳጆቻችን፣ ቀደም ሲል ያነሣነውን የፀሐይ መጋረድ አስታውሱ። ነገሩ ያው ነው። መጋረድ የማንም ሞትና ሕይወት ምልክት አይደለም። በሥርዓት የሚሄድ፣ ሰዓቱ የሚታወቅ ጉዳይ ነው።

ፕላኔትም በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑን በጥቂቱ ይቀንሰዋል። ጁፒተርን የሚያክል ፕላኔት ፀሐይን ከሚመስል ኮከብ ከመቶ አንድ እጅ ይቀንሳል። ምድርን የሚያክል ግን ከአሥር ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ኬፕለር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2018 በዚህ ዘዴ ከ2,600 በላይ ፕላኔቶችን አግኝቷል። በ2011 ያገኘው አንዱ በሁለት ፀሐዮች ዙሪያ የሚዞር ነው፤ በዚያ ሰማይ ላይ ጥላ ሁለት ነው፤ መግሪብም ሁለት ጊዜ ነው። እስከ 2025 በሁሉም ዘዴዎች የተረጋገጡት ፕላኔቶች ከ6,000 አልፈዋል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ የእኛ ስም ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤችዲ 16175 በተባለ ኮከብ ዙሪያ አንድ ፕላኔት በውዝዋዜ ዘዴ ተገኘ። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከመቶ አሥር ለሚበልጡ አገሮች አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት መድቦ ስም እንዲያወጡ ጋበዘ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ይህ ነበር። ኮከቡ «ቡና» ተባለ፤ ፕላኔቱ «አቦል» ተባለ። ስሙ ታኅሣሥ 17 ቀን 2019 ለዓለም ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላም የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች። በየቤታችን ሦስት ጊዜ የምንጠጣው ቡና የመጀመሪያው ስኒ ስሙ በሰማይ ካርታ ላይ ሰፍሯል።

ቡና ከእኛ 196 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ዛሬ ማታ በቴሌስኮፕ የሚታየው ብርሃኑ ከዚያ የተነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ከማሠራታቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። አቦል በክብደት ጁፒተርን ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጣል። አንዱ ዓመቱ የእኛን ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ ይፈጃል። አቦልን በዐይኑ ያየው ሰው የለም፤ የሚታወቀው በኮከቡ ውዝዋዜ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በስልክ ምስል አሳይቶ «ይኸው አቦል፣ ሰዎችም ይኖሩበታል» ቢላችሁ የሠዓሊ ሥራ መሆኑን ዕወቁ። እስከ ዛሬ ከምድር ውጭ በየትኛውም ፕላኔት ላይ ሕይወት መኖሩ አልተረጋገጠም። የሰማነውን ሁሉ ሳናጣራ ማውራት በዲናችንም በዚህ ሙያም ነውር ነው። ተመራማሪዎቹ አንድ ውዝዋዜ ስላዩ ብቻ «ፕላኔት አገኘን» አይሉም። ለዓመታት ይለካሉ፣ ሌሎች ደግመው እንዲለኩት ያደርጋሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። ይህ የምስክርነት ሥነ ምግባር ነው፤ ለልጅ የሚያስፈራ ትምህርት አይደለም።

በአገራችንም መንገዱ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተመሠረተ። ብዙ ሰው እንደ ቅንጦት አይቶት ነበር። በኋላ ግን ሸህ ሙሐመድ ሑሴን አል-አሙዲ ወጪውን ሸፍነው በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። የአዲስ አበባ መብራትና የክረምት ደመና ሥራውን ስለሚያውኩት የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለሌላ ማዕከል ተጠንተዋል። ከፍታ ላይ አየሩ ቀጭን ነው፤ እርጥበቱም ያነሰ ነው። ከምድር ወገብም ብዙ ስለማንርቅ የሰሜኑንም የደቡቡንም ከዋክብት እናያለን። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ይህን ሰማይ አላህ ያለ ክፍያ ሰጥቶናል፤ ቀና ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ቴሌስኮፕ ባይኖራችሁም ልጆቻችሁን ማስተማር ትችላላችሁ። በታኅሣሥ ወር፣ ከዒሻ በኋላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ከደጅ ውጡ። ወደ ቂብላ ዙሩ፤ ከእኛ አገር ቂብላ ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ከዚያ ወደ ሰማዩ አናት ሁለት ሦስተኛ ያህል ቀና በሉ። እዚያ ራእሱል ጉልን ታገኛላችሁ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከእርሱ በስተግራ ሦስት አራት ጣት ለኩ፤ ቡና ያለው እዚያ ነው። በባዶ ዐይን አይታይም፤ መነጽር ያለው ግን ያየዋል። በግንቦት ደግሞ በዚያው በቂብላ አቅጣጫ ሚእዘርና ከጎኑ ያለችውን ትንሿን ሱሃ ፈልጉ። የጥንት ዐረቦች የዐይን ጥራት የሚፈትኑት በሱሃ ነበር። ዛሬ በቴሌስኮፕ ሲመረመሩ እነዚያ ሁለት ነጥቦች ስድስት ከዋክብት ሆነው ተገኝተዋል። ዐብዱረሕማን ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 የከዋክብት መጽሐፉን ሲጽፍ፣ ዛሬ ቡና በሚገኝበት የሰማይ ክፍል፣ አንድሮሜዳ በሚባለው፣ ትንሽ ደመና የመሰለ ነገር መዝግቦ ነበር። ያ ደመና የብዙ ቢሊዮን ከዋክብት ስብስብ መሆኑ የታወቀው ከእርሱ በኋላ አንድ ሺህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። እርሱ ግን ያየውን በታማኝነት ጽፎ አለፈ።

እንግዲህ ለጠየቃችሁን ቤተሰብ መልሳችን ይህ ነው። ልጃችሁ የምትማረው ትምህርት ከጠንቋዩ ደጅ የሚወስድ አይደለም፤ ከጠንቋዩ ደጅ የሚመልስ ነው። ራእሱል ጉል መቼ እንደሚደበዝዝ በደቂቃ የምታሰላ ልጅ፣ «ኮከብሽ አልገጠመም» በሚል ሰው አትታለልም። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሒሳቡ ከባድ ነው፤ ሥራውም ቶሎ አይገኝም። ይህንን ደብቃችሁ አትስደዷት፤ ነግራችሁ መርቃችሁ ሸኟት። ሶላቷን እንድትጠብቅ፣ ያላረጋገጠችውን እንዳትናገር አደራ በሏት። ስትመለስም ያየችውን ለታናናሾቿ እንድታስተምር ቦታ አዘጋጁላት።

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዒልም ይስጥልን፤ እኛንም ምልክቶቹን አይተው ከሚያስተውሉት ያድርገን። አሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።